ጌታሁን የሰማው ደወል

ዛሬ ጠዋት ጉድጓዱን ደፈኑት። የመጀመሪያው ጋሪ የባሕር ድንጋይ ቁልቁል ሲራገፍ ከታች እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ነገር ወጣና ግቢውን ሞላው፤ ጨው ጨው፣ ዝገት ዝገት፣ የራሰ ገመድ የራሰ ገመድ የሚል ሽታ። ድንጋይ የሚያራግፉት ሰዎች አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን በብርጭቆ ዕቃ ሰባት ትንንሽ ዓሦች ታቅፌ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆሜ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላኝ ትልቅ ሰው፣ ያንን ሽታ እንደ ሕፃን ሳብኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ በዚያው ቦታ የያዘኝ ፍርሃት መልሶ ያዘኝ፤ እኔ ሳድግ እሱ ማደጉን ረስቶታል።

ለእንግዳ ሰው ጉድጓዱ ምኑም አያስደንቅም። ጅቡቲ ወንዝ የላትም። አምቡሊ የሚሉት ወንዝ ራሱ ከተራራው ዝናብ ሲወርድበት ብቻ ወንዝነቱ ትዝ የሚለው፣ የቀረውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ የሚተኛ ነገር ነው። ስለዚህ ከባቡሩ ጋር ወደዚህ ሐሩር የወረዱት የኛ ሰዎች፣ ሐዲድ ጠጋኙም ነጋዴውም፣ ለጥምቀት ታቦቱን ወዴት እናውርደው ብለው ተጨነቁ። አባቴ ሲያጫውተን ግማሹ ወደ ባሕር እንውረድ አለ፤ ግማሹ የለም፣ ባሕር ጨው ነው አለ፤ የጉድጓዱም ውሃ ያው ጨው መሆኑን አንዱ ቢያስታውሳቸው አንድ ሽማግሌ ተነሥተው “ቢሆንም ጉድጓዱ ውስጥ ሰው የሚበላ ዓሣ የለም” ብለው ክርክሩን ዘጉት። እንዲህ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያናችን፣ ማለት ከዚያች ከቆርቆሮ ዳሳችን ጓሮ ያለው ጉድጓድ በየዓመቱ ይባረክ ጀመር። ስለተባረከ ጸበል ሆነ፤ ጸበል ስለሆነ ደግሞ ማንም እጁን አያሳርፍበትም ነበር። አይጠረግም፣ አይጸዳም፣ ክዳንም አልነበረውም። የእግዜርን ጸጋ ማን ይከድናል?

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው በዛና ከተማው ሁሉ ኩሬ ኩሬ ሆነ፤ ከዝናቡ በኋላም ንዳድ ገባ። ወንድሜን ጌታሁንን ያዘው። አምስት ዓመቱ ነበር፤ ጆሮው ትልልቅ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። እናቴ ከሱ በፊት ሁለት ወንዶች ቀብራ ነበርና ልጁ ገና ሲያስነጥስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትለብስ ሴት ናት። አባቴ በባቡር ፍሬን ያዥ ስለነበረ በወር የሚበዛውን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ የዚያን ሰሞንም ወደ ድሬዳዋ ሊወጣ ሲል ልጁን ተሸክሞ ወደ ሠራተኞቹ ሕክምና ቤት ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። እዚያ የፈረንሳዩ ሐኪም ረዳትና አስተርጓሚ አቶ በላይ ነበሩ፤ የገዛ አገራችን ሰው፣ ወፍራም ጢም ያላቸው፣ ነገር በጨረሱ ቁጥር በፈረንሳይኛ “ቮላ!”፣ ይኸው ለማለት፣ የሚሉ። ስድስት ኪኒን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። “በየጠዋቱ አንዳንድ። የመራራ ዛፍ ልጥ ነው፣ ይተፋዋል፤ አፉን ይዛችሁ አስውጡት። ቮላ!”

አባቴ ሄደ። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ሳጥኑ ውስጥ ከጥምቀት ቀሚሷ ሥር አስቀመጠችው። ልጁን ለሰባት ቀን ጸበል ገና ማለዳ ተስላ ነበር። ጸበል የሚጠጣ ደግሞ ባዶ ሆዱን ነው የሚጠጣው፤ በሰባቱ ቀን መድኃኒት አይቀምስም፤ ይህን የማያውቅ በሰፈራችን አልነበረም።

“ኪኒኑስ እማዬ?” አልኳት።

“አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔርን ልንፈታተነው ነው እንዴ? ወይ ይታመናል ወይ አይታመንም!”

ከዚህ በላይ አልጠየቅኳትም። በየማለዳው በቆርቆሮ ጣሳ ጸበሉን የማመጣው እኔ ነበርኩ። የሚባርኩት አባ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ግራ ዓይናቸው ላይ ነጭ ያረፈባቸው ካህን። ያቺ ነጭ ዓይን ከመስቀሉ በላይ ትመለከተኛለች እያልኩ ከባቡሩ ፉጨት ይልቅ እሳቸውን እፈራ ነበር። ከኔ ጋር ሌሎችም የታመሙ ልጆች ከነእናቶቻቸው ጉድጓዱ ዙሪያ ተራ ይጠብቃሉ። ትንኙ እንደ ጉድ ይበላናል፤ እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ ያባርራሉ፤ ትንኙ ይመለሳል። ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

አንደኛው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም። ጌታሁን ከሰዓት በኋላ ሲሆን አልጋው እስኪንቋቋ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይግላል፣ ከዚያ በላብ ይዋኛል። በሦስተኛው ማለዳ ስነሣ አየሁት፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው፣ እኔን እያየ አያየኝም። የሁለቱን ወንድሞቼን ሞት አላየሁም፤ ግን ይህን ነው የሚመስለው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ከደጅ ተንበርክካ ትጸልያለች። ሳጥኑን ከፈትኩ። እጄ ከቀሚሷ ሥር ሲገባ ጨርቁ እንኳ የሚጮኽ መሰለኝ። አንድ ቴምር ሰንጥቄ ፍሬውን አወጣሁ፣ በፍሬው ቦታ ኪኒኑን ወተፍኩ፣ ገጠምኩና “ዋጥ” አልኩት። ዋጠ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ፣ ጸበሉን አመጣሁ፣ እናቴ በደስታ አጠጣችው።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ፦ ጾሙን አስገድፌዋለሁ፣ ከጸበል ጋር መድኃኒት ቀላቅያለሁ፣ ከሳጥን ሰርቄያለሁ፣ እናቴን አታልያለሁ፤ ይህ ሁሉ ገና ጀንበር ሳትወጣ! ጸበሉ ሆዱ ውስጥ ኪኒኑን ሲያገኘው እሳት ይሆናል ብዬ ቀኑን ሙሉ እምብርቱን እያየሁ ዋልኩ። ጭስ አልወጣም። ሆኖም በማግስቱም ሰጠሁት፤ በአምስተኛውም፣ በስድስተኛውም፤ ብሰጠው በኃጢአቴ ይሞታል፣ ብተወው በንዳዱ ይሞታል።

በስድስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጌታሁን ቀና ብሎ ተቀመጠና “ደወል ይሰማኛል” አለ።

ደወል አልተደወለም ነበር። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። “ምን ዓይነት ደወል የኔ ጌታ?”

“ጆሮዬ ውስጥ። አያቆምም።”

አቤት የእናቴ እልልታ! ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አንዷ “የመላእክት ነው” አለች፣ ሌላዋ “ጸበሉ ነው ያስደወለው” አለች፤ አንዲት አሮጊት ብቻ ቀስ ብላ “ሕፃን ልጅ ደወል ሰማ ሲባል እኮ መጠራቱም ሊሆን ይችላል” አለች። እኔ የሰማሁት እሷን ነው። የሌላው እልልታ ከጆሮዬ ጠፋ። ተጠርቷል! ያስጠራሁትም እኔ ነኝ! በፀሐይ እንደ ፍም በሚፋጀው አሸዋ ላይ ባዶ እግሬን እየሮጥኩ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ፤ አባ ጉድጓዱ ጥግ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሳጥኑን፣ ቴምሩን፣ ኪኒኑን፣ ደወሉን።

አባ ዳዊታቸውን አጠፉ። ከዚያ፣ “ቴምር ውስጥ?” አሉ።

“አዎ አባ።”

“ፍሬውን አውጥተሽ?”

“አዎ አባ።”

“ስንት ቀረሽ?”

“ሁለት።”

“ነገም ስጪው፤ ከነገ ወዲያም።” ቀና ብዬ ሳያቸው ነጭ ዓይናቸው አላስፈራችኝም፤ ውሃ ሞልቶባት ነበር። “ያንን መራራ ዛፍ የፈጠረው ሌላ አምላክ መስሏችሁ ነው? ማን ከለከላችሁ? እኔ ከልክያለሁ?” ሳስበው እውነታቸውን ነው። ሁላችንም እንደሚከለክሉ እናውቅ ነበር እንጂ ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም።

እጄን ይዘው ቤታችን ገቡ። ጎረቤቱ ገና አልተበተነም። አባ ልጁን ዳስሰው፣ ላቡን አይተው፣ “ደወሉን የደወለችው ይቺ ናት” ብለው በጣታቸው አመለከቱኝ። ኪኒን ጆሮ እንደሚያስጮኽ ድሮ ራሳቸው ታመው ሲውጡት አይተዋል። እናቴ አየችኝ። ያን ዕለት ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ መጻፍ አልችልበትም። እጇን ስታነሣ አባ መካከላችን ገቡና፣ “እኔን ምቺኝ፤ ልጅሽን ለሞት የሰጠሽው እኔን ፈርተሽ ነው” አሏት። ክንዷ አየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ አንገቴ ላይ ወደቀ፤ አልቅሳ አስለቀሰችኝ።

እኔ ፍርሃቱ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባ ግን የኔን ወሬ ይዘው አልተኙም፤ ልጆቹ ጸበሉን እየጠጡ ስለምን ይታመማሉ ብለው በሳምንቱ አቶ በላይን ከነማጉያ መነጽራቸው ጠሩና ጸበሉን በብርጭቆ ቀድተው አቀረቡላቸው። እኔም በመካከላቸው ገብቼ ቆምኩ። አቶ በላይ አይተው መነጽሩን ለአባ ሰጡ። ውሃው ውስጥ ክር የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ።

“ምንድን ናቸው?”

“ነገ ትንኝ የሚሆኑ ናቸው አባ። ንዳዱን የምታመጣውም እሷ ናት። ልጆቹን በየማለዳው እዚሁ ስታስቀምጧቸው እየጠበቀች ትነድፋቸዋለች። ቮላ!” አሉ፤ ግን ያቺን “ቮላ” ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሏት።

አባ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። መስቀሉን ወደ ውሃው ቀና አደረጉና መልሰው አወረዱት። እኔ የምፈራቸው ሰው ሲፈሩ ሳይ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ያዘኝ፤ ቤት ውስጥ ሆኖ ምሰሶው ሲነቃነቅ እንደማየት ያለ። “ባረክነው” አሉ ለራሳቸው፣ “ከዚያ ተውነው። አዳም ገነት ውስጥ የተቀመጠው ሊያበጃት፣ ሊጠብቃት አልነበረም?”

አቶ በላይ ላምባ ይፍሰስበት አሉ። “ጸበል ላይ?” ብለው አባ ቢነሡ፣ አቶ በላይ ሁለት እርምጃ አፈገፈጉና “እንግዲያው ዓሣ!” አሉ። አምቡሊ ዳር አትክልት የሚያለማ ዓሚ ሳልም የሚባል የየመን ሰው ነበር፤ በገንዳው የሚርመሰመሱ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ዓሦች ትንኙን ገና በትልነቱ ይለቅሙታል። አባ ጣሳ ይዘው እኔንና ያገገመውን ጌታሁንን አስከትለው በእግራቸው ሄዱ። ዓሚ ሳልም ከቴምር ዛፎቹ ሥር ሆኖ ጉዳያችንን ሰማና፣ “አንተ ቄስ! ሰው አለቀና ዓሣ ልታጠምቅ መጣህ?” ብሎ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ሲስቅ አባም ሳቁ። ጥርስ እንዳላቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ከባቡር ሣጥን እንጨት የተሠራ ክዳን አገኘ፤ ዙሪያው ይጠረጋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ልጆቹ ክዳኑን አንሥተን በየተራ እናጎነብሳለን፤ አባ እንደ ትምህርት “ምን አየሽ?” ይላሉ። “ዓሦቹን።” “ሌላስ?” “ምንም።” “እግዚአብሔር ይመስገን፤ ክደኚው።” ውሃውን ለመባረክ የሚፈጀው አንድ ማለዳ ነው፤ ለመጠበቅ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜዎቻችንን ወሰደ።

አባ አምና ዐረፉ። ዘንድሮ ቧንቧው ሰፈራችን ገባና ጉድጓዱ አያስፈልግም ተባለ። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነው፣ ጨው የለበትም፣ አልዋሽም፣ ደስ ይላል። ግን ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። ማንም ስለሱ አይጨነቅም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ ውሃ እፈራ ነበር፤ ስለምፈራውም እጠብቀው ነበር። አሁን ስጠመዝዘው ይፈስሳል፣ ስጠመዝዘው ይቆማል፤ ቅዳሜም እንደ ሌላው ቀን ያልፋል።

ጌታሁን ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው አሁንም ትልልቅ ነው። ድንጋዩ ከመራገፉ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ በገመድ ወርዶ ዓሦቹን በጣሳ ያወጣልኝ እሱ ነው። ሰባት ብቻ ደረሱለት፤ ሌሎቹ ወደ ጨለማው ሸሹበት። ወደ ዓሚ ሳልም ገንዳ ልንመልሳቸው በአሸዋው መንገድ ስንሄድ፣ ስለዚያ ጊዜ ምን ትዝ ይልሃል አልኩት። ኪኒኑን አያስታውስም። ቴምሩን አያስታውስም። ለሱ የፈራሁትን ፍርሃት፣ ያንን ሁሉ፣ አንድም አያውቀውም።

“ደወሉን ግን አስታውሳለሁ” አለ፤ “በጣም ያምር ነበር።”

የኪኒኑን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዕቃው ዘመም ብሎ ውሃው እንዳይፈስ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት።