ለዘወትር የሚሆን ውስኪ

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ አንድ ግሮሰሪ ጎራ ብዬ ሳለ፣ አንድ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ መደርደሪያው ላይ ያለውን የአየርላንድ ውስኪ እያሳየ «ጋሼ፣ ይሄ ለዋጋው እንዴት ነው?» አለኝ። ጡረታ የወጣሁ ቡና ቀማሽ መሆኔን ከተማው ያውቃል። ጠርሙሱን ሳየው አወቅኩት፤ «ሌላ ሰው ጠይቅ» ብዬው ወጣሁ።

ይህን ውስኪ መጀመሪያ የቀመስኩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ገና የቡና ቅምሻ ሠልጥኜ መመለሴ ነበር። ምላሴን እንደ ሹመት ነበር የማያት። ጎረቤታችን ጋሽ አለሙ አንድ እሁድ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ያው ውስኪ ተቀምጧል። ልጃቸው ምትኩ ተጣልቷቸው አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ የእህቱ ሠርግ ሲቃረብ ይህን በሚኒባስ ላከ። የዕርቅ እጅ መንሻ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔም ጭምር።

«እስኪ ቅመስልኝ። የሙሽራው ወገኖች ፊት ባቀርበው ይሆናል?» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ግሩም ነው» ብሎ መዋጥ ምን ይከብዳል? እኔ ግን ማንኪያ አስመጣሁ። ቡና ሲቀመስ እንደሚደረገው ስርር አድርጌ ሳብኩና ሲኒ ውስጥ ተፋሁት። ሰው ቤት የቀረበልኝን መጠጥ!

«ለስላሳ ነው፤ ማር ማር ይሸታል። ግን ጣዕሙ ቶሎ ከአፍ ይጠፋል። ርካሽ ነው ጋሼ፤ ለዘወትር እንጂ ለሠርግ አይሆንም።»

ክዳኑን ቀስ ብለው አጠበቁ። «እንግዲያው ልጄን በሰው ፊት አላስንቀውም» አሉና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

የሠርጉ ዕለት የሙሽራው ወገኖች ከዋጫ ከተማ መጡ፤ ሥጋው ቀረበ፣ ጠጁ ተንቆረቆረ። ምትኩም መጥቶ ነበር። ዓይኑ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር አየሁት።

«አባዬ፣ የላኩት አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል፣ ልጄ» አሉ። ምክንያቱን መናገር ግን አፈሩ። እሱም እህቱን ስሞ፣ እህል ሳይቀምስ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቢሆንም ተከትዬው ሮጬ መንገር እችል ነበር። ሥጋዬን እየበላሁ ቀረሁ።

ጋሽ አለሙ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ምትኩ ለቀብር መጥቶ እጄን ይዞ «አባቴ እንደናቀኝ ሞተ» ብሎ ሲያለቅስ፣ እውነቱን ለመንገር ድፍረት አጣሁ።

ስለ ውስኪው ዛሬም ብጠየቅ ያኔ ያልኩትን ነው የምለው። ቅምሻዬ ልክ ነበር፤ እሱ ግን አያጽናናኝም። እኒያ ሰው ጠርሙሱን የቆለፉበት ልጃቸው እንዳይናቅባቸው መሆኑን በሕይወት ካለነው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የምትኩ ስልክ ቁጥር አለኝ። እስካሁን አልደወልኩም።