በሲስተር ስም የፈረምሁት ስፌት

ሲስተር እስክትመለስ ለምን አልጠበቅሁም?

ነርስነት የተማርሁት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው። የክፍል ጓደኞቼ እትዬ እያሉ ያሾፉብኛል፤ ፈተና ሲደርስ ግን ደብተሬን ይሻማሉ። የመጨረሻው ዓመት የተግባር ልምምዴ መርሳ ጤና ጣቢያ ነበር። አሰልጣኛችን ሲስተር አጠገባችን ቆማ ያላየችውን ሥራ በልምምድ ደብተራችን ላይ አትፈርምም። ቁስል መስፋት ብቻ ሲቀረኝ ጦርነቱ ደረሰ። እሷ ወደ ደሴ ስትወጣ ጓንት፣ ማደንዘዣና የመስፊያ ክር ለእኔ ሰጠችኝ። አንቺ አታባክኚም አለች።

እኔ ከውርጌሳ በላይ አክስቴ ዘንድ ተጠጋሁ። ማሽላ ሲታጨድ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ መዳፋቸውን በማጭድ ቆርጠው መጡ። ያኔ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል እያንሾካሾክሁ ካልሆነ እጄ አይሠራም ነበር። ማጠብ፣ ማደንዘዝ፣ መጠበቅ፣ እንደገና ማየት። እሳቸው ዱዓ መስሏቸው በየመሃሉ አሚን ይላሉ። ሦስተኛው ክር ላይ ቀና አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አላህ በአጭሩም ይሰማል እኮ።»

ሳቄን ውጬ ጨረስሁ። ክሩን ያወጣሁ ቀን ጣቶቻቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርገው አሳዩኝ። ቁስሉ አላመረቀዘም።

ወልድያ ትምህርት ሲከፈት ደብተር አስረክቡ ተባልን። ሲስተር ገና አልተመለሰችም፤ ትመጣለች ይባላል። በሌላ ሰው ደብተር ላይ የተሳሳተ ቀን እንኳ የማላልፍ እኔ፣ ፊርማዋን አስመስዬ ባዶዋን መስመር ሞላሁ። ተመረቅሁ።

አሁን ሥራ ሊጀምሩ የተቃረቡ ተማሪዎችን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ያልታየ አይፈረምም እላቸዋለሁ፤ ባልሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ባለፈው ዓመት ለልምምድ መርሳ ይዣቸው ስወርድ ሲስተርን እዚያው አገኘኋት። ልጆቹን ምሳ ሰድጄ ሁሉንም ነገርኋት።

ጓንቷን አውልቃ ጣለች።

«በስሜ መፈረምሽ ከፍቶኛል» አለች። ቀጥላም፣ «ሰውየው አሉ?»

«አሉ።»

«ጠባሳ እኮ የትም አይሄድም። ያኔም ይዘሻቸው ብትመጪ አይቼ እፈርምልሽ ነበር። ቅዳሜ ወስደሽ ታሳዪኛለሽ። ስፌቱን ካልወደድኩት ፊርማዬን እሰርዛለሁ።»