የአባዬ ጆሮና የአባዬ ስፒከር

«ኧረ ሙዚቃውን ቀንሰው፣ ጎረቤት ምን ይላል» አለኝ አባዬ ዛሬ። ተቆጥቶኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለዓመታት የሚያውቀው «ጨምረው» ማለት ብቻ ነበር። ክራሩ አይሰማኝም ስላለ ጆሮውን አስመረመርነው፤ ምንም አልተገኘበትም።

ጓዳ ሆነን ስናማው ግን ይሰማል። ያኔ መጠርጠር ነበረብን።

ለካ ያረጀው ስፒከሩ ነው፤ ካዛንቺስ ቤታችን ሲፈርስ ተሸክመነው የወጣነው። ቄራ ያለ ሬዲዮ ሠሪ ከፈተው። ቀጭኑን ድምፅ ውስጡ ላለችው ትንሿ ስፒከር የሚያሳልፉት ካፓሲተሮች ደርቀዋል። ቀየራቸው፣ በቃ።

ክራሩ ሲመጣ አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። «የካዛንቺሱ ሳሎናችን» አለ። ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ የደነቆርኩ መስሎኝ ነበር።»

እናንተስ ቤት፣ ዕቃው አርጅቶ በሰው የተሳበበ አለ?