በሰዓት የተደረደሩ ፌርማታዎች

በዚያ ሳምንት ልጄ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ነበር። እኔ ኮሌታ በምሰፋበት የልብስ ፋብሪካ፣ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። አለቃዋ አርብ ዕለት ወይ ቅጥሯን ያጸድቅላታል ወይ ያሰናብታታል። እሷ ለጥ ብላ ስትተኛ እኔ ነበርኩ የምገላበጠው።

ያን ሰሞን የሰርቪሶቹን ሥራ ሰጧት። ከለሚ ኩራ ዙሪያ ሠራተኛ የሚያመጣ እያንዳንዱ አውቶቡስ ከየትኛው ፌርማታ ጀምሮ በየት እንደሚያልፍ በወረቀት ወጥቶ ለሹፌሮቹ ይታደላል ተባለ። ከሥራ መልስ አልጋ ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ስትነካካ አየኋትና ባይገባኝም ዝም ማለት አቃተኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ፌርማታዎቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተደበላልቀው ነው ያሉት፣ እማ። መጀመሪያ በየአውቶቡሳቸው እሰበስባቸዋለሁ። ከዚያ የእያንዳንዱን አውቶቡስ ፌርማታዎች በሰዓት እደረድራለሁ።»

«ከተሰበሰቡ በኋላ ደግሞ መደርደር ለምን?»

«ካላዘዝሽው አይደረድርልሽም። ደስ እንዳለው ነው የሚያወጣው።»

«እንደ አባትሽ» አልኳት። ሳቀች።

«ደግመሽ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሌላ ሰውም ይይልሽ።»

«እማ፣ በቃ።»

ወረቀቱ ታደለ። ለፋብሪካው የቅርቡ ፌርማታ የእኔ ስለሆነ ሰርቪሱ እኔ ጋ የሚደርሰው በመጨረሻ፣ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ግን ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እቆማለሁ። ያልፈኝ ይሆን እያልኩ ቤት ውስጥ ከምብሰለሰል ብርዱ ይሻለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ገና ከመቆሜ አውቶቡሱ መጣ። ባዶ ነበር። የዘወትሩ ሹፌር ለለቅሶ አገር ቤት ሄዶ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ ወጣት ተክቶታል።

«ሌሎቹ የታሉ፣ እናቴ?» አለኝ።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ሠራተኞቹ ናቸዋ። መጀመሪያ እዚህ ነው የሚለው።»

መሪው አጠገብ የለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። የፌርማታ ስም ብቻ ነው ከላይ ወደ ታች የተጻፈው፤ ሰዓት የለበትም። ከሁሉም በላይ የእኔ ፌርማታ ተቀምጧል።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ጫፍ ላይ ወዳለው ኮንዶሚኒየም ነው የሚኬደው።»

«እኔ አገሩን አላውቀውም። ቢሮ ያወጣውን ነው የማምነው። ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ጫፍ ላይ ያሉት ሴቶች አስፋልት ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ያረፈደ ሰው በር ላይ ይመዘገባል፤ ይህን ያህል ሰው ከተመዘገበ ደግሞ ምክንያቱ ይጠየቃል፤ ከተጠየቀ ልጄ ጋ ይደርሳል። ስልኬን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩት፣ ደግሜ አወጣሁትና ቤት ላለችው ልጄ ደወልኩላት፤ የቢሮ ሰው አርፍዶ ነው የሚገባው።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ደህና ነኝ። ሰርቪሱ እኔ ጋ ነው የጀመረው።»

ኮምፒውተሯን ስትነካካ ይሰማኛል።

«ወይኔ» አለች በቀስታ። «ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው ያስገባሁት። ያንቺ ፌርማታ አንድ ሰዓት ነው፣ የሌሎቹ አስራ ሁለት ከምናምን። ለኮምፒውተሩ አንድ ከአስራ ሁለት ይቀድማል።»

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት አልፎ አንድ እንደሚመጣ እኛ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። እሱ ግን ፀሐይ ስትወጣ አያይም።

ከሹፌሩ ዞር አልኩ። «ማንም አላወቀም እኮ። እኔ መንገዱን አሳየዋለሁ። አንቺ ወረቀቱን ትቀይሪያለሽ፣ በዚያው ያልፋል።»

«እማ፣ ስልኩን ለሹፌሩ ስጪው።»

ሰጠሁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ወንድሜ፣ ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። የላይኛውን ዝለለውና ከሁለተኛው ጀምረህ ውረድ። መጨረሻ ላይ እዚያው ትመለሳለህ።»

«እንዲህ በሉን እንጂ» አለና ሞተሩን አስነሳ። ስልኩን ሲመልስልኝ «ልጅዎ ናት እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩና መንገዱ እንዳይጠፋው ብዬ ተሳፈርኩ። ያላለቁት ፎቆችና የአሸዋው ክምር በመስኮቱ ሲያልፉ በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ። ሴቶቹ ሲሳፈሩ እኔን ከፊት ተቀምጬ አገኙኝ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በዚህ የምትመጪው? የት አድረሽ ነው?» አለች አብራኝ የምትሰፋዋ።

«ፌርማታዎቹን ያዘዋወረችው የእሳቸው ልጅ ናት» አለ ሹፌሩ።

«አሃ፣ ለእናቷ መቀመጫ እንዲደርሳት አስባ ነዋ። እኛ እንቁም።»

ሳቁ። በር ላይ ሁላችንም አርፍደን ተመዘገብን። የሌሎቹ አውቶቡሶች ነባር ሹፌሮች ወረቀቱን ጭራሽ ሳያዩት በልማዳቸው ነድተው በሰዓቱ ገብተዋል።

እስከ ምሳ ኮሌታ ሳጣምምና ስፈታ ዋልኩ። ልጄ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለአለቃዬ ነገርኩት» አለች።

«ጠይቆሽ ነው?»

«አልጠየቀኝም። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገብቼ፣ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣ አድርጌ ፊቱ ሠራሁት። አየው።»

«ስለ አርብስ?»

«ምንም አላለም።»

አርብ ሲመጣ አላሰናበታትም፣ አላጸደቀላትምም። የሙከራ ጊዜዋን በአንድ ወር አራዘመው። ይህን ስሰማ እናት ነኝ ብዬ ልለምነው ተነሳሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ ልጄ ከላይ እየወረደች ነበር። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ሳልነግራት ገባት።

«ተመለሽ፣ እማ» አለችኝ ሳትቆጣ። «አንድ ወር ይበቃኛል።»

ለእሷ ይበቃት ይሆናል። እኔ እስከዚያ እንዴት አርፌ እንደምቀመጥ አላውቅም።