የአቴና ልብስ አጣቢ

ሜሊታ እግሯ አንድ ቦታ የማይረጋ ሴት ነበረች። ባሏን ባሕር ከበላባት ወዲህማ ባሰባት። እጇን ግን አቴንስ ሁሉ ያውቀዋል። የጥበብና የጦር እመቤት የአቴና ምስል በዓመት አንዴ ተሸፍኖ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ልብሷን ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ እሷ ናት። ቀኑ ክፉ ቀን ነው፤ እመቤቲቱ ከተማውን ጥላ ስለምትወጣ ሥራ አይጀመርም፣ መንገድ አይገባም።

በዚያ ዓመት ልጇ ኬፊሶን በዚሁ ቀን በጦር መርከብ እንዲቀዝፍ ታዘዘ።

«ነገ እመጣለሁ በላቸው» አለችው።

«እማ፣ የመርከቡ አለቃ አጎቴ መሰለሽ እንዴ?»

«ቀኑን እያወቅክ!»

«እኔ የማውቀው የቀረ ሰው ፈሪ እንደሚባል ነው።»

ሌላ መላ ስታጣ የሚቀመጥበትን የቆዳ ትራስ ደበቀችበት። ያለ እሱ የሚቀዝፍ ሰው ገላው ይላጣል፤ ሲያጣው ይቀራል ብላ ነው። ኬፊሶን ፈልጎ ፈልጎ «አይጥ በልቶታል» ብሎ ሳቀና የገብስ ዱቄቱንና ሽንኩርቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሜሊታ ትራሱን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ባሕሩ ወረደች። የእመቤቲቱን ልብስ ውሃ ውስጥ እንደያዘች ማሸቱን አቁማ ወደ ወደቡ ታይ ጀመር።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት የአጣቢዎቹ አለቃ አሮጊቷ ሊሲላ።

«እትዬ፣ ልጄን ባዶ እጁን ሰደድኩት። ይቺን ያዢልኝ።»

«ዛሬ ትቶ የሄደ እጅ የእመቤቲቱን ልብስ ዳግመኛ አይነካም። ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ልብሱን ለቀቀችውና ትራሱን ይዛ በዳርቻው ወደ ወደቡ ሮጠች።

መርከቡ ተፈቶ መንቀሳቀስ ጀምሯል። እስከ ደረቷ ውሃው ውስጥ ገብታ «ኬፊሶን!» ብላ ጮኸች።

«እናትህ ጡት ልታጠባህ መጣች!» ብሎ አንዱ ቀዛፊ አሽካካ።

ትራሱን ወረወረችው፤ ውሃ ላይ ወደቀ። የሳቀው ቀዛፊ ራሱ በመቅዘፊያው ስቦ አነሳው። ኬፊሶን አልሳቀም። መርከቡ ከዓይኗ እስኪጠፋ አንገቱን አዙሮ አያት።

በጋውን ሙሉ ወደቡን ስትመላለስበት ከረመች። ብርዱ ሲገባ ልጇ ከስቶ፣ ጢም አብቅሎ ተመለሰ። ሊሲላ ግን ከቃሏ ፍንክች አላለችም፤ በዓመቱ ሴቶቹ ያለ ሜሊታ ወረዱ።

«እማ፣ ሄጄ እመቤቲቱን ልለምንልሽ?» አላት ኬፊሶን።

«ተው። ልጅ ያልወለደች እመቤት ምኑን ትረዳኛለች?»

ካለችው በኋላ የገዛ አፏ አስደነገጣት። ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ ጠዋት የጠረገችውን ግቢ እንደገና ትጠርግ ጀመር።