መቀመጥ የተማርኩበት በረንዳ

ትናንት በአሥራ አምስት ቁጥር ባስ በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ስናልፍ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ክንዷን የጸሐይ ክሬም ተቀባች። ኮኮናት ኮኮናት ሸተተኝ። በመስኮቱ የመንገዱ በረዶ ሲቀልጥ ይታየኛል፤ እኔ ግን ያ በረንዳ ላይ ነበርኩ። የምወርድበትንም ፌርማታ አለፍኩት።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሴንቴኒያል በሚባል ከተማ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤት እየተመላለስኩ አስታምም ነበር። አንድ ዊንተር ብርዱ አንገሸገሻቸውና ካሪቢያን ውስጥ፣ ጭር ያለ ደሴት ላይ ቤት ተከራዩ። እኔንና የአምስት ዓመት ልጄን ይዘውን ሄዱ። ምግቡም፣ አብሳይዋም፣ ጽዳቱም አንድ ላይ ተከፍሏል፣ አንቺ አብረሽኝ ማረፍ ብቻ ነው አሉኝ። ማረፍ የሚሉትን ነገር ማን አስተምሮኝ? ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሰው ቤት ሠርቼ ያደግኩ ነኝ። ተቀምጬ ካገኙኝ የሚያባርሩኝ ይመስለኛል።

ቤቱ ነጭ ነው፣ ባሕሩ ደጃፉ ላይ። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ከውሃው ተንጸባርቆ ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ከማዕበሉ በቀር ድምፅ የለም። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ውሃው ልጄን የሚወስድብኝ እየመሰለኝ ቀሚሷን ይዤ አለቅም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሥራ ፈለግኩ። አንሶላ አጠብኩ፣ ሰሃን አጠብኩ፣ በረንዳውን ወለወልኩ።

አብሳይዋ በአሥር ዓመት ያህል የምትበልጠኝ፣ ወፈር ያለች፣ ተጫዋች የደሴቲቱ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። «ነገ ደግሞ ባሕሩን ትወለውይልናለሽ?» አለችኝ። እኔም ስቄ መወልወሌን ቀጠልኩ። ልጄ እንኳ «ማሚ፣ ሲት ዳውን፤ ሺ ጎት ኢት» ትለኝ ነበር፤ ተቀመጪ፣ እሷ ትሠራዋለች ማለቷ ነው።

በሦስተኛው ቀን የቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ተንበርክኬ የበረንዳውን ደረጃ ስፈትግ አገኘኝ። እኔን አልፎ አብሳይዋን ወደ ጓሮ ጠራት። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። እንግዳ እያሠራሽ አንቺ ተቀምጠሻል ብሎ፣ ቅዳሜ ሌላ ሴት እንደሚያመጣ ነግሯታል። ሦስት ልጆች አሏት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። «አንቺ እኮ የረዳሽኝ መስሎሽ ነው» አለችኝ ብቻ።

ከሥራ መባረርን አውቀዋለሁ። ሻንጣዬን በር ላይ ተቀምጦ አግኝቼው አውቃለሁ። አሮጊቷ ይናገሩልኝ ብዬ አሰብኩና፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እናገራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። እንግሊዝኛዬ ያኔ እፍኝ አይሞላም። አማርኛውንም ቢሆን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ የምለውን መስታወቱ ፊት ደጋገምኩት።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ሲመጣ በረንዳው ላይ፣ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጫለሁ። አብሳይዋ የተጠበሰ ዓሣና ሙዝ ይዛ መጣች። እጄ ሰሃኑን ሊቀበላት ሲነሳ መልሼ ጭኔ ሥር ሸጎጥኩት። አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ተናገርኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ጎበዝ ናት። እኔ መቀመጥ አላውቅም፤ ዛሬ እየተማርኩ ነው።»

ሰውየው እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እንግዲያው ሌላ ሴት አላመጣም። ትቆይና ታስተምርሽ» ብሎ ሄደ።

አሁንም ሰው ቤት ስጋበዝ ሰሃን ላነሳ ብድግ እላለሁ። ያኔ ግን የቀሩትን ቀናት እንደ ሥራ ቆጥሬ ተቀመጥኩ። ወለል ከመፈተግ ይከብድ ነበር። እሷ ስታልፍ ትከሻዬን ጫን አድርጋኝ ትሄዳለች፣ እንዳልነሳ።

የምንሄድ ቀን ዕቃችንን ላሰናዳ ስገባ ሻንጣው ተዘግቶ ጠበቀኝ። የምኖርበት ከተማ፣ አውሮራ ደርሼ ስከፍተው የእኔም የልጄም ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ጥግ ለጥግ ገጥሞ ታጥፏል። የአብሳይዋ ሳሙና ይሸታል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ልብሴን ያጠፈልኝ ሰው አልነበረም። ብዙ ቀን ሳልነካው ቆየሁ። በኋላ ለሥራ የምለብሰው ሲያልቅብኝ ከላይ ያለውን ሸሚዝ አንስቼ ዘረጋሁት። ወዲያው ደነገጥኩ፤ እንደ ነበረው መልሼ ላጥፈው ሞከርኩ፣ ደግሜ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።