የቅዳም ሹር ቅቤ

እኔ ብር አበድሬ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ይህን እያወቅሁ ማበደሬን አልተውኩም። ወረታ ገበያ ዳር ካለችው የጨውና የዘይት ሱቄ የምትተርፈኝን ጥቂት ገንዘብ ጉልት ለሚቸረችሩ፣ ጠላ ለሚጠምቁ፣ ሽንኩርት ለሚያመጡ ሴቶች እሰጣለሁ። ወለድ አልጠይቅም። ጭቅጭቄ ግን ከወለድ ይብሳል እያሉ ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ከሁሉም አስጨንቃ ያስደሰተችኝ ቁሐር ሚካኤል ከምትባለው ገጠር የምትመጣው ሴት ናት። ባሏ ሞቶባታል። የሩዝ መሬት አላት፣ በሬ ግን የላትም። ስለዚህ በየዓመቱ መሬቷን ለሌላ አራሽ በእኩል ትሰጥና የምርቱ ግማሽ ተጭኖ ሲሄድ ቆማ ታያለች። አንድ በሬ ብታገኝ ከጎረቤቷ በሬ ጋር አቀናጅታ የራሷን መሬት ታሳርሳለች። ብድር ቤት ሄዳ «ዋስ አምጪ» ተባለች፤ ዋስ የሚሆናት ጠፋ። እኔ ዘንድ የመጣችው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላ ነው።

«ምን ልትነግጂበት ነው?» አልኳት።

«ቅቤ፣ እትዬ።»

ሳቄ አመለጠኝ። አገር ሁሉ ቅቤን ሊሰናበት ሲል ቅቤ! እሷ አልሳቀችም።

«በጾም ቅቤ ይረክሳል። የኛ ሰፈር ሴቶች ገዥ ያጣሉ። እየገዛሁ አነጥርና ለፋሲካ እሸጠዋለሁ። ክረምት ሳይገባ በሬዬን እገዛለሁ።»

ክርክር አላገኘሁባትም። ለቤታችን ጣሪያ ያስቀመጥኩትን አውጥቼ ሰጠኋት። ባሌ ሲሰማ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ተረተብኝ። ጾሙን ሙሉ ወደ ጣሪያው ቀና ባለ ቁጥር ይችኑ ተረት ይደግምልኛል።

ቅዳም ሹር ደረሰ። ገበያተኛው ቄጠማውን በራሱ ላይ አስሮ ለዶሮና ለእንቁላል ይጋፋል። እሷ ኮሰረትና ኮረሪማ የሚሸት ቅቤዋን ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ደርድራ ከሱቄ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ያላሰብንበት ነገር የመጣው ያኔ ነው። ለጋ ቅቤ ቢሆን ገዥ በጥፍሩ ጫር አድርጎ፣ አሽትቶ ይፈርዳል። የነጠረ ቅቤ ግን በምላስ ካልሆነ አይታወቅም፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ደግሞ ስንቱን አቃጥሏል። በጾም ማን ይቀምሳል? ሴቶቹ ክዳኑን ይከፍታሉ፣ ያሸታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይሄዳሉ። እኩለ ቀን ሲሆን አንድም አልሸጠችም። ከፋሲካ በኋላማ ለጋው ቅቤ ገበያውን ይሞላዋል፤ የእሷን ዞር ብሎ የሚያየው አይኖርም። በሬዋ ዓይኔ እያየ ራቀባት።

ድንገት ብድግ አለች።

«ውሰዱት! አሁን አትክፈሉኝ። ነገ ፍቱበትና ቅመሱት። ካልጣማችሁ የተረፈውን መልሱልኝ፤ ከጣማችሁ ሰኞ እዚሁ ታገኙኛላችሁ!»

ሱቄን ጥዬ ወጣሁ። «አብደሻል? የኔን ብር ለአገር ልታበድሪው ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«እትዬ፣ እርስዎስ ሳይቀምሱ አይዶል ያመኑኝ?»

ሴቶቹ ተሻሙበት። ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ሰዎች ቅቤዋን እየያዙ በየባጃጁ ሲሳፈሩ እያየሁ ያልተማጸንኩት ቅዱስ አልቀረም።

በፋሲካ ባሌ በእሷ ቅቤ ከሠራሁት ዶሮ ወጥ አንዴ ጎረሰ። ወጤ ላይ እንከን ሳያወጣ ውሎ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ፣ «እስቲ ጨምሪልኝ» አለ።

ሰኞ ገበያው ጭር ብሏል። ጠዋት ማንም አልመጣም። አጠገቧ ተቀምጬ እጄን ሳፋትግ፣ እሷ ዝንብ እያባረረች ትጠብቃለች። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ከባጃጅ ወረደች፤ በአንድ እጇ ብር፣ በሌላው ባዶ ዕቃ ይዛለች። «ሌላ የለሽም?» አለች። ተከትለዋት ሌሎቹ መጡ። አንዲት ነገረኛ፣ «እምብዛም አልጣመኝም» እያለች ዕቃውን መለሰች፤ ሲከፈት ጠብታ አልተረፈበትም። ሁላችንም ሳቅንባት፤ እሷም ሳትወድ ሳቀችና ከፈለች። በሳምንቱ የመጡም ነበሩ። አንዷ ጭራሽ ቀርታለች፤ እሷን እስከ ዛሬ እረግማታለሁ።

የኔን ብር መለሰችልኝ። ጣሪያችን ታደሰ።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ የገበያ ቀን ከሱቄ አጠገብ ባለው የመንገድ መገንጠያ ላይ የመኪና ጡሩምባ በዛ። ወጥቼ ባይ የቁሐሯ ሴት ጥቁርና ነጭ የሆነ ትልቅ የፎገራ በሬ እየሳበች አስፋልቱን ታቋርጣለች፤ የጭነት መኪናው ሁሉ ቆሞላታል። ደስታው እልል አሰኘኝ። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታችን ዞሬ ባሌን ተጣራሁ።

«ና ውጣ! ያቺ የሰማይ ላም በሬ ሆና ወርዳለች!»

ወጥቶ ደጃፉ ላይ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠ። በሬውን ከቀንዱ እስከ ጭራው አየው። እሷ በፊታችን ስታልፍ ከዱካው ብድግ ብሎ እጅ ነሳት።